የድምፅ ሚዛን
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)







ለገበሬ ስለ ሚዛን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዓመት ሙሉ የለፋበትን እህል ጭኖ ገበያ ወጥቶ፣ ነጋዴው ሚዛን ላይ ሲያወጣው ኩንታሉ ጎድሎበት የማያውቅ ገበሬ ጥቂት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከተመሠረቱባቸው ምክንያቶች አንዱም ሚዛኑን የገበሬው የራሱ ለማድረግ ነው። ይሁን እንጂ በማኅበር ቤት ውስጥ ሁለተኛ ሚዛን አለ፤ እርሱም የድምፅ መስጫው ሳጥን ነው። የእህሉ ሚዛን ሲያጭበረብር ኩንታል ይጎድላል። የድምፁ ሚዛን ሲያጭበረብር ግን ማኅበሩ ራሱ ይጎድላል።

ስለዚህ ሁለተኛ ሚዛን ብዙ የሚያስተምር የአንድ ገበሬ ታሪክ አለ። ገበሬው አሜሪካዊው ጂሚ ካርተር ናቸው። ዓለም የሚያውቃቸው 39ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በመሆናቸው ነው። የዚህ ንግግር ትኩረት ግን ከዚያ በፊት የነበረው የክፍለ ግዛት ምክር ቤት አባልነታቸውና ወደዚያ የገቡበት ምርጫ ነው። በአሜሪካው ታሪክ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

ከባሕር ኃይል ወደ እርሻ

ካርተር የተወለዱት ኦክቶበር 1 ቀን 1924 በደቡብ ምዕራብ ጆርጂያ፣ ፕሌይንስ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። አባታቸው ገበሬና ነጋዴ ነበሩ። በ1952 ለጆርጂያ የተወካዮች ምክር ቤት ተመርጠው አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳያገለግሉ በ1953 አረፉ። በባሕር ኃይል መኮንንነት ያገለግሉ የነበሩት ልጅ፣ የባለቤታቸውን የሮዛሊንን ቅሬታ እያወቁ፣ ማዕረጋቸውን ትተው ወደ አባታቸው እርሻና መጋዘን ተመለሱ። ተከታዩ ዓመት የድርቅ ዓመት ሆነና ገቢው እጅግ አነስተኛ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የኦቾሎኒ ምርጥ ዘር እያባዙ፣ ማዳበሪያ እየሸጡና የጎረቤት ገበሬዎችን ምርት እየተረከቡ ሥራቸውን አደላደሉ።

ወደ ሕዝብ አገልግሎት የገቡት በሰምተር ካውንቲ የትምህርት ቦርድ አባልነት ነው። ካውንቲ ማለት በኢትዮጵያ አነጋገር እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው። በዚያን ጊዜ በጆርጂያ ነጮችና ጥቁሮች በተለያየ ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። የዘር መለያየቱ እንዲቀጥል የሚታገል የነጮች ማኅበር በየከተማው ተቋቁሞ ካርተርንም አባል ሁን አላቸው። እርሳቸው እምቢ በማለታቸው ደንበኞች ከመጋዘናቸው እንዲርቁ ዘመቻ ተደረገባቸው።

ሰው ሳይሆን መሬት ሲመርጥ

በጆርጂያ ለረጅም ዓመታት የሠራው የምርጫ አቆጣጠር እንግዳ ነበር። በዴሞክራቲክ ፓርቲው የእጩዎች ምርጫ፣ ለአገረ ገዥነትና ለመሰል ሥልጣኖች የሚቆጠረው የሰው ድምፅ ሳይሆን የካውንቲ ነጥብ ነው። 8ቱ ትልልቅ ካውንቲዎች ለእያንዳንዳቸው 6 ነጥብ፣ ተከታዮቹ 30 ካውንቲዎች 4 ነጥብ፣ የቀሩት 121 ደግሞ 2 ነጥብ ነበራቸው። በ1960 ከ550 ሺ በላይ ሕዝብ የነበረው ፉልተን ካውንቲ 6 ነጥብ ሲያገኝ፣ ሦስቱ ትንንሽ ካውንቲዎች ኤኮልስ፣ ግላስኮክና ኩዊትማን ተደምረው 7 ሺ በማይሞላ ሕዝብ ያንኑ 6 ነጥብ ያገኙ ነበር። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ካውንቲ የያዘ ሰው ድምፁ ከከተማው ሰው ድምፅ ብዙ እጥፍ ይመዝን ነበር ማለት ነው።

በ1962 የፌዴራል ፍርድ ቤት ይህን አሠራር ሻረው። በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ» በሚለው መርሕ አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወሰነ። የጆርጂያ ሴኔት የምርጫ ክልሎችም በሕዝብ ብዛት ላይ ተመሥርተው እንደገና ተከፋፈሉ። በሰምተርና በዙሪያው ያሉ ሰባት ካውንቲዎች 14ኛው የምርጫ ክልል ሆኑ። ካርተርም በ38ኛ የልደት ቀናቸው፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1962፣ ለሴኔቱ እንደሚወዳደሩ አስታወቁ። የፓርቲው ምርጫ የሚካሄደው ኦክቶበር 16 ስለነበር የቀራቸው 15 ቀን ብቻ ነበር። ተቀናቃኛቸው ሆመር ሙር እንደ እርሳቸው የመጋዘን ባለቤት ነበሩ።

የጆርጅታውን ሳጥን

በምርጫው ቀን ከስድስቱ ካውንቲዎች የመጣው ቆጠራ ተደምሮ ካርተር በጥቂት ድምፅ መሩ። የቀረው ኩዊትማን ካውንቲ፣ በተለይም የዋና ከተማው የጆርጅታውን ሳጥን ነበር። በዚያ የካውንቲው ጌታ ጆ ኸርስት ነበሩ። ራሳቸው የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሲሆኑ፣ ሥራ የሚያገኘውም ሆነ የሚያጣው በእርሳቸው ፈቃድ ነው የሚባልላቸው ሰው ናቸው።

የካርተር ወዳጅ ለመታዘብ ወደ ጆርጅታውን ሲሄድ ያየው ነገር አስደነገጠው። በመጋረጃ የተከለለ ድምፅ መስጫ የለም። መራጩ ወረቀቱን የሚሞላው በቢሮው ባንኮኒ ላይ፣ ሰዎች ቆመው እያዩት ነው። ኸርስት ራሳቸው አጠገቡ ቆመው የማንን ስም መሰረዝ እንዳለበት ይነግሩታል። ምስክሮች በኋላ እንዳስረዱት፣ ያልተወደደ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ እንኳ ወጥቶ ተቀድዷል። ማታ ውጤቱ ሲነገር ኩዊትማን ለሙር 360፣ ለካርተር 136 ድምፅ ሰጥታ ተገኘች። በዚህም ካርተር ተሸነፉ ተባለ።

ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ቢሆን ምን ያደርጋል? ጉዳዩ የቆየ ልማድ ነው፤ እዚያ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው ይባላል። የተሸነፈ ሰው ቢጮህም «አኩራፊ» ተብሎ ይቀራል። አለያም ተቆጥቶ ደጋፊ ሰብስቦ ጠብ ያነሣል። ካርተር ሁለቱንም አላደረጉም። በኢትዮጵያ ገጠር «በሕግ አምላክ!» ሲባል የሚሮጠው ሰው ይቆማል፤ እርሳቸውም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በሕግ አምላክ

መጀመሪያ ማስረጃ ፍለጋ ተጀመረ። ካርተርና ወዳጆቻቸው በኩዊትማን ቤት ለቤት እየዞሩ ያዩትን ለመመስከር የሚደፍሩ ሰዎችን ቃለ መሐላ ሰበሰቡ። ሥራውም ብድሩም በኸርስት እጅ የሆነበት ገበሬ መፍራቱ አያስገርምም፤ የተናገሩት ግን ተናገሩ። ጆን ፔኒንግተን የተባሉት የአትላንታ ጆርናል ጋዜጠኛም ጉዳዩን መርምረው ጻፉ። በመዝገቡ የሞቱ ሰዎች ድምፅ እንደሰጡ ተደርገው ተገኙ። ስማቸው በፊደል ተራ የሰፈረ መራጮችም ነበሩ፤ እንደ መዝገቡ ከሆነ ገበሬው ሁሉ በስሙ የፊደል ቅደም ተከተል ተሰልፎ መርጧል ማለት ነው!

የአትላንታው ጠበቃ ቻርልስ ኪርቦ ክርክሩን ያዙ። ዳኛ ካርል ክሮው በመሩት የድጋሚ ቆጠራ ላይ ሳጥኑ ሲከፈት ብዙ ወረቀቶች በአንድነት ተጠቅልለው ተገኙ። የመራጮቹ ዝርዝር ጠፍቷል። በሳጥኑ ውስጥ የነበረው ወረቀት 420 ሲሆን ድምፅ የሰጡት ሰዎች ግን 333 ብቻ ነበሩ። ኪርቦ በክርክራቸው የዶሮ ሌባን ነገር አነሡ። ሌባው ዶሮውን ይዞ ሲሄድ ዱካው እንዳይታወቅ ከኋላው ቅርንጫፍ ይጎትታል፤ የጠፉት ወረቀቶችም የዚያ ቅርንጫፍ ሥራ ናቸው ማለታቸው ነበር። ዳኛው የጆርጅታውንን ሳጥን ከቆጠራው ውጭ አደረጉ። ካርተርም በ65 ድምፅ ብልጫ አሸናፊ ሆኑ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የዋናው ምርጫ ቀን ኖቬምበር 6 ነበር። ምርጫው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩ ሌላ ዳኛ የሁለቱም ስም ከወረቀቱ ተሰርዞ መራጩ የሚፈልገውን ሰው ስም በእጁ እንዲጽፍ አዘዙ። በዚያም ምርጫ ካርተር በ831 ድምፅ በለጡ። በጃንዋሪ 1963 ቃለ መሐላ ፈጽመው የጆርጂያ ሴኔት አባል ሆኑ። ኸርስትም በኋላ በምርጫ ማጭበርበር ተከሰው ተፈረደባቸው።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገርም አለ። ሳጥኑ ቢጠራም መዝገቡ ንጹሕ አልነበረም። በዚያ የምርጫ ክልል ከሚኖረው ጥቁር ሕዝብ አብዛኛው፣ ለመመዝገብ ሲቀርብ በአስቸጋሪ ጥያቄዎችና በማስፈራራት ስለሚመለስ፣ ድምፅ ለመስጠት እንኳ ዕድል አልነበረውም። ይህን በር የከፈተው የ1965ቱ የፌዴራል የመምረጥ መብት ሕግ ነው። ቆጠራው የቱን ያህል ትክክል ቢሆን፣ ከመዝገብ ውጭ የቀረ ሰው አይቆጠርም።

በምክር ቤት ውስጥና ከዚያም በኋላ

ካርተር ሴኔት ሲገቡ ለራሳቸው አንድ ቃል ገቡ፤ ድምፅ የሚሰጡበትን ረቂቅ ሕግ ሁሉ ሳያነቡ ላለማለፍ። ረቂቁ ብዙ ስለነበር ፈጥኖ የማንበብ ትምህርት እስከ መማር ደረሱ። ትኩረታቸው ትምህርት ነበር። በአሜሪከስ ከተማ የሚገኘው ኮሌጅ የአራት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ እንዲሆንም ደክመዋል። በ1964 እንደገና ተመርጠው እስከ ጃንዋሪ 1967 አገለገሉ።

በ1966 ለአገረ ገዥነት ተወዳድረው በፓርቲው ምርጫ ሦስተኛ ሆኑ። ያን ጊዜ የሚያስከፍት ሳጥን አልነበረምና ሽንፈታቸውን ተቀብለው ለሚቀጥለው መሥራት ጀመሩ። በ1970 አሸነፉ። በዚያ ውድድር የዘር መለያየትን የሚደግፉ መራጮችን ለመሳብ መሞከራቸው እስከ ዛሬ ያስወቅሳቸዋል። በ1971 ሥልጣን ሲረከቡ ግን የዘር አድልዎ ጊዜ ማብቃቱን በግልጽ ተናግረው ብዙዎቹን የመረጧቸውን ሰዎች አስደነገጡ። በ1976 ፕሬዚዳንት ፎርድን 297 ለ240 በሆነ የወኪል መራጮች ድምፅ አሸንፈው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1980 በሮናልድ ሬገን 489 ለ49 ሲሸነፉ ግን በምዕራብ ግዛቶች የምርጫ ጣቢያዎች ገና ሳይዘጉ ሽንፈታቸውን አምነው ለአሸናፊው መልካም ምኞታቸውን ገለጹ።

የእኚህ ሰው ትምህርት ሙሉ የሚሆነው ሁለቱ ምርጫዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ነው። በ1962 ማስረጃ ይዘው አልሸነፍም አሉ። በ1980 ማስረጃው ተሸንፈሃል ሲላቸው ተሸነፍሁ አሉ። ሚዛን የሚያምን ሰው ሲጎድልበት ይጠይቃል፤ ሚዛኑ ልክ ሆኖ ሲያንስበትም ይቀበላል።

ወደ ኢትዮጵያ

ካርተር ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደሉም። ከኖርማን ቦርሎግና ከጃፓኑ ሳሳካዋ ጋር የጀመሩት፣ ገበሬው «ግሎባል» እያለ የሚጠራው ሳሳካዋ ግሎባል 2000፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን በገበሬው በራሱ ማሳ ላይ አሳይቷል። የመሠረቱት ካርተር ማዕከልም በአማራ ክልል ትራኮማን፣ በጋምቤላ ደግሞ የጊኒ ወርምን በመዋጋት ይታወቃል። በግንቦት 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ የማዕከሉን ታዛቢዎች ራሳቸው መርተው አዲስ አበባ ነበሩ። ከዚያ ምርጫ በኋላ በተነሣው ውዝግብ የብዙ ሰው ሕይወት መጥፋቱ አይረሳም። ሚዛን ሳይታመን ሲቀር የሚያስከፍለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ይህች አገር ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ካርተር በዲሴምበር 29 ቀን 2024 በ100 ዓመታቸው አረፉ።

የተከበራችሁ አባላት፣

በኢትዮጵያ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሕግ፣ በ147/1991ም ሆነ እርሱን በተካው በ985/2009 አዋጅ፣ በመሠረታዊ ማኅበር ውስጥ አንድ አባል የቱንም ያህል አክሲዮን ቢኖረው ድምፁ አንድ ነው። የጆርጂያ መራጭ ፍርድ ቤት ተሟግቶ ያገኘውን የኢትዮጵያ ገበሬ በአዋጅ ይዞታል። ነገር ግን አዋጅ ሳጥን አይጠብቅም። ሳጥን የሚጠብቀው አባል ነው።

ስለዚህ በየማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ የአባላት መዝገብ አስቀድሞ ይታይ፤ የሞተው ይሰረዝ፣ የባሏን ድርሻ የወረሰችው እናት ትመዝገብ፣ አዲስ የገባው ወጣትም አይረሳ። ምርጫው በምስጢር ሲሆን ከሳጥኑ አጠገብ ሊቀ መንበሩም ሆነ የሚፈራ ሰው አይቁም። ቆጠራው በአባላት ፊት ይሁን፤ የመራጩ ቁጥርና የወረቀቱ ቁጥር ይመሳከር፤ ወረቀቱም ቃለ ጉባኤው እስኪጸድቅ ድረስ ታሽጎ ይቀመጥ። ቅሬታ ያለው አባል ሲነሣ «አኩራፊ» አይባል፤ ማስረጃውን ያቅርብ፣ የቁጥጥር ኮሚቴውም ይስማው። ማስረጃ ከሌለው ደግሞ የተመረጠውን አክብሮ ሥራው ይቀጥል።

ዩኒየኑ በምሥረታ በዓሉ የሚመካባቸው መጋዘኑ፣ መኪናውና የትርፍ ክፍፍሉ ናቸው። እነዚህ ሁሉ የቆሙት አባሉ በሁለቱም ሚዛኖች ላይ ባለው እምነት ላይ ነው። መጋዘን ቢቃጠል ይሠራል፤ እምነት ከተቃጠለ ግን ዳግመኛ ለመገንባት አስቸጋሪ ነው።

መልካም በዓል!