ልጃችን የምን ተማሪ ነው?
(በነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው የመዋጮ ወይም የቦይ ጠረጋ ጉዳይ አይደለም፤ የልጆቻችን ትምህርት ነው። እንደሚታወቀው ማኅበራችን ማታ ማታ ልጆች የሚያጠኑበት ክፍል አለው። እዚያ ተራ ገብተን ስንከታተል አንድ አነጋገር እየተለመደ መምጣቱን ታዝበናል። «የኔ ልጅ በጆሮው ነው የሚማረው»፥ «የኔዋ በዓይኗ ካላየች አይገባትም» ይባላል። አንዱ ልጅ መጽሐፍ ቢሰጠው «እኔ የመስማት ተማሪ ነኝ» ብሎ ገፋ አደረገው። ሳቅን፤ ኋላ ግን አሳሰበን።

ይህ አስተሳሰብ በብዙ አገር የተስፋፋ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ኒል ፍሌሚንግ የተባሉ የኒውዚላንድ መምህር ከባልደረባቸው ጋር ሆነው፥ ተማሪ ማየት፥ መስማት፥ ማንበብና መጻፍ ወይም መሥራት ይመርጥ እንደሆነ የሚለይ መጠይቅ አቅርበው ነበር። ልጆች ምርጫ እንዳላቸው እውነት ነው። ጥያቄው በምርጫቸው ብናስተምራቸው የበለጠ ያውቃሉ ወይ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቻቸው ጥናቶቹን መርምረው ለዚህ በቂ ማስረጃ አላገኘንም አሉ።

እስቲ በራሳችን እንየው። ካርታ በጆሮ አይጠናም፤ ዜማ በዓይን ብቻ አይለቀምም፤ እንጀራም ካልጋገሩት አይለመድም። መንገዱን የሚወስነው ትምህርቱ ራሱ ነው። ድሮ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ሲቆጥር በዓይኑ እያየ፥ በስንጥር እያመለከተ፥ በአፉ እየጮኸ፥ በጆሮው እየሰማ ነበር። ሁሉም በአንድ ላይ!

ስም መለጠፍ ጉዳት አለው። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ «በጆሮዋ ነው የምትማረው» ተብላ ደብተር መግለጥ ተወች። ኋላ ሲመረመር ለካ ሰሌዳው አይታያትም ኖሯል። መነጽር አደረገች፤ ዛሬ ራሷ ታነባለች። አንድ ዓመት ግን ባክኖባታል። እኛም እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርን፤ የተሰጣትን ስም አምነን ዓይኗን ሳናይ ቀረን። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች አንዳንድ ተማሪዎች ጽሑፉን ደግመው እንዲያነቡ፥ ሌሎቹ ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግመው ያነበቡት 42 ከመቶ፥ ሳያዩ የጻፉት 56 ከመቶ አስታወሱ።

ስለሆነም ሦስት ነገር እንለምናለን።

1ኛ/ ማታ ከራት በኋላ ልጁ ደብተሩን ዘግቶ የተማረውን ይንገረን። ፊደል ያልቆጠርን ወላጆችም ይህን እንችላለን፤ «እስቲ ንገረኝ» ለማለት ማንበብ አያስፈልግም።

2ኛ/ ሰሌዳ ሲያይ ዓይኑን የሚያጨናብስ፥ ሲጠሩት ቶሎ የማይሰማ ልጅ ካለ ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

3ኛ/ «እሱ እንዲህ ነው» እያልን በልጅ ላይ በር አንዝጋ።