አጥንት በመንገድ ዳር አይጣል
(የማኅበሩ ጸሐፊ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



የምንኖረው እንጦጦ ሥር ነው። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ልጆቻችን በባሕር ዛፉ መካከል በሚወጣው የእግር መንገድ ሲሮጡ እናያለን፤ ደስ ይላል። ነገር ግን በዚያው መንገድ ዳር ማታ ማታ አጥንትና የምግብ ትራፊ የሚጥል አለ። ጅብ ደግሞ ሽታ ተከትሎ ከተራራው ይወርዳል። ጎሕ ሳይቀድ ለሩጫ የወጣ ልጅ ቢያገኘውስ? ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችስ? ይኼ ቀልድ አይደለም እኮ!

ስለዚህ አጥንቱን በጆንያ ቋጥረን በየግቢያችን እናቆይ፤ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ሲመጡ እናስረክብ። ልጆችም ሳይነጋ አይውጡ፤ ሸክም ለያዘ ሰው መንገድ ይልቀቁ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን ከዛሬ ማታ እንጀምር።