ወላጅ ያጡ ልጆቻችንና የባሕር ማዶው እርዳታ

(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ የምናቀርበው ጉዳይ አጭር ነው፤ ግን ከባድ ነው። በባሕር ማዶ የሚኖሩ የሰፈራችን ልጆች በሚያስቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ አዋጥተው፣ እናት አባት ለሌላቸው ልጆች በዕድሩ በኩል እንዲደርስ ጠይቀውናል። ኮሚቴው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት እናንተን መጠየቅ አለብን ብሏል።

እንደሚታወቀው እንዲህ ያለ እርዳታ ለወሎ እንግዳ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ አብያተ ክርስቲያናት እርዳታቸውን የሚያስተባብሩበት ማኅበር አቋቋሙ፤ ኋላ ሲ.አር.ዲ.ኤ. ተብሎ የታወቀው እሱ ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ የኮረም ሰቆቃ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ አገራችን የት እንዳለች እንኳ የማያውቅ ሕዝብ በየጸሎት ቤቱ ሳንቲም ሰበሰበ። ያ ውለታ አይረሳም።

ይሁን እንጂ ስንዴው በመርከብና በአውሮፕላን ቢመጣም፣ ልጅን አቅፎ የሚያሳድገው አጠገቡ ያለ ሰው ነው። ለዚህ እዳዬ አበበች ጎበና ምስክር ይሆኑናል። እሳቸው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ወደ ግሸን ማርያም፣ ማለትም ወደዚሁ ወደ አምባሰል፣ ለመሳለም መጥተው በረሃብ ከሞተች እናቷ አጠገብ የቀረች ሕፃን አዩ። አይተው አላለፉም፤ ሁለት ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ሆኑ። ቤተሰብ “ከልጆቹና ከእኛ ምረጪ” ቢላቸው ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም የብዙዎች እናት ሆነው ኖሩ። መጀመሪያ የተዘረጋው የእሳቸው እጅ ነው፤ ድርጅቱና ስሙ ኋላ መጣ።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። በየቡናው ላይ ሦስት ነገር ሲነገር ሰምተናል።

አንደኛው፣ “ልጆቹን ለምን እዚያው ለፈረንጆች አይሰጧቸውም?” የሚለው ነው። በ2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ ተሻሽሎ ለውጭ ዜጋ በጉዲፈቻ መስጠት ተከልክሏል። ሕጉ ባይኖርስ? አያት እያለች፣ ጎረቤት እያለ፣ ልጅን ከቋንቋውና ከሰፈሩ ነቅሎ መላክ ምን ይባላል?

ሁለተኛው፣ “ገንዘቡ ከቤተ ክርስቲያን ስለመጣ ለክርስቲያን ልጅ ብቻ ይሁን” የሚለው ነው። ኧረ ተዉ! በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ጥይቱ የማንን ሃይማኖት ጠየቀ? እኛስ ሬሳ ስናነሳ አብረን አይደለም ወይ? ላኪዎቹም “ልጅ” ብለው ጻፉ እንጂ “የክርስቲያን ልጅ” አላሉም። የሐሰንም የተክሌም ልጅ እኩል ይታያል።

ሦስተኛው፣ “ለላኪዎቹ የልጆቹ ፎቶግራፍ ይላክ” የሚለው ነው። እኛ አንስማማም። ልጅ ተሰልፎ፣ ደብተር ይዞ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ቧንቧ ላይ “የእርዳታው ልጅ” ይባላል። ድሃ አደግ መባል ሳያንስ ሌላ ስም አንጨምርበት። አሳዳጊው ከፈቀደ የትምህርት ውጤቱን እንልካለን፤ ይበቃል።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ያቀርባል። ገንዘቡ ለቤት ኪራይ፣ ለእህል፣ ለደብተርና ለሕክምና ይውላል፤ በደረሰኝ ይወጣል። የገባውና የወጣው በዚሁ ሰሌዳ ላይ በየወሩ ይለጠፋል፤ የልጆቹ ስም ግን አይለጠፍም። ልጆቹም ካሉበት ዘመድ ወይም ጎረቤት ሳይነጠሉ ይረዳሉ።

እንግዲህ የባሕር ማዶው ገንዘብ ዛሬ መጥቶ ነገ ሊቀር ይችላል። ላኪዎቹም ሠርተው የሚያድሩ ናቸው፤ ሥራ ሊያጡ፣ ሊታመሙ ይችላሉ። በጠዋት ሐረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትገባ እኅት ታናናሾቿን ለማን ትተዋለች? ይህን ዶላር አይመልሰውም፤ በሩ ከበሯ የሚገጥም ጎረቤት ነው የሚመልሰው። አንዷ ምሳ ታብላ፣ አንዱ የቤት ሥራ ያሳይ፣ አንዱ ሲታመሙ ጤና ጣቢያ ያድርስ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ በዚህ ላይ ድምፅ እንሰጣለን። እስከዚያው ልጆቹን የሚያሳድጉ አያቶችና ታላላቆች ወደ ኮሚቴው መጥተው የሚጎድላቸውን እንዲነግሩን፣ መምጣት ለማይችሉትም ጎረቤት እንዲነግርላቸው አደራ እንላለን።



የዕድሩ ጸሐፊ፣ ስለ ኮሚቴው