በሩ ተዘጋ፤ ዶሴውስ የት ገባ?

(በወላይታ ሶዶ በተደረገ ውይይት ላይ ያሰማሁት ንግግር)



የምናገረው ከወላይታ ቀበሌዎች ወጥተው ባሕር ስለተሻገሩት ሕፃናት ነው፡፡ ፓርላማው ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ ሲያግድ ብዙዎች «ተመስገን» ብለዋል፡፡ እኔ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው የምለው፡፡

ለምን ቢባል፣ መንግሥት የመቆጣጠር ሥልጣን አልነበረኝም ሊለን አይችልም፡፡ የቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ለውጭ ዜጋ የሚሰጥ ሕፃን ጉዳይ ፍርድ ቤት ከመጽደቁ በፊት የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስተያየት እንዲሰጥበት ያዝዝ ነበር፡፡ አስተያየቱ እንዴት ይሰጥ ነበር? ሚኒስቴሩ በቀን እስከ 50 የሚደርስ ጉዳይ ሲያሳልፍ ኖሮ፣ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ወደ 5 ዝቅ አደረገው፡፡ ሰነዶቹን በደንብ ለማጣራት ነው ተባለ፡፡ ታዲያ በሃምሳው ዘመን ያለፉትን ማን አጣራቸው? በ2002 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ዓመት ብቻ ወደ አሜሪካ የሄዱት 2,500 ያህል ነበሩ እኮ! በ2006 ዓ.ም. የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ የአንድ አገናኝ ድርጅት ሠራተኞችን እዚሁ ኢትዮጵያ በተሠራ የሰነድ ማጭበርበር ከሷል፤ ጥፋታቸውን ያመኑም አሉ፡፡

ጣጣው ከቃሉ ይጀምራል፡፡ ከኦሮሞ የወረስነው «ጉዲፈቻ» ዘመድ ይጨምራል እንጂ ወላጅ አያስክድም፡፡ ሕጋችንም ልጁ ከወላጅ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም ይላል፡፡ በአሜሪካ ሕግ ግን የወላጅነት መብት እዚያው ያከትማል፡፡ አንዲት የወላይታ እናት «ልጄ ተምሮ ይመለስልኛል» ብላ ስትፈርም፣ የፈረመችው በየትኛው ጉዲፈቻ ላይ ነው? ቁጭ አድርጎ ያስረዳት ሹም ነበር?

ልጆቹ ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል፡፡ «እናቴ የት ናት?» ብለው የሚመጡ አሉ፡፡ ያን ጊዜ የነበረው የደቡብ ክልል በ2015 ዓ.ም. ተከፋፍሎ፣ ሶዶ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፡፡ ዶሴውስ? በየትኛው መጋዘን አይጥ ይበላዋል?

ጥያቄዬ አጭር ነው፡፡ በየወረዳው፣ በየፍርድ ቤቱና በተዘጉት ማሳደጊያዎች የቀረው ሰነድ አንድ ቦታ ይሰብሰብ፡፡ እናትም ልጅም ሲጠይቁ ያለ ደላላ፣ ያለ ጉቦ ይከፈትላቸው፡፡ ማገዱማ ቀላል ነው፤ ለፈረሙበት መልስ መስጠት ነው የመንግሥት ወጉ!