ቤተ መንግሥት በሸራ ላይ፦ ዋጋና ማስረጃ
(ለማኅበሩ አባሎች የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ኪነ ጥበብና ምሕንድስና» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ፣ ጊዜው ግን አጭር ስለሆነ ነገሩን በአንድ ጥያቄ ላይ ማሳረፍን መርጫለሁ። የቤይጂንግን ቤተ መንግሥት የሚያሳይ የአንድ ዘመናዊ ቻይናዊ ሠዓሊ የዘይት ቀለም ሥዕል ለሐራጅ ሲቀርብ የሚሸጠው ምንድን ነው? የሥዕሉ ውበት ነው? የሠዓሊው ስም ነው? ወይስ የሕንፃው ክብር? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ሕንፃው ጥቂት ልበል። «የተከለከለው ከተማ» የሚባለው ይህ ቤተ መንግሥት ከ1406 እስከ 1420 የተሠራ ሲሆን 72 ሄክታር ያህል መሬት ይሸፍናል። የታላቁን አዳራሽ ጣሪያ የሚሸከሙት ግድግዳዎቹ ሳይሆኑ 72 የእንጨት ዓምዶች ናቸው። በዓምዱና በጣሪያው መካከል ቻይናውያን ዶውጎንግ የሚሉት፣ እርስ በርሱ የተቆላለፈ የእንጨት ቅንብር አለ። ይህም የጣሪያውን ክብደት ተቀብሎ ወደ ዓምዱ ያወርዳል፤ ምድር ስትንቀጠቀጥም መጋጠሚያዎቹ በጥቂቱ ስለሚንቀሳቀሱ የንውጽውጽታውን ኃይል ያበርዳል። ይሁን እንጂ እንጨት የእሳት ቀለብ ነው። ሦስቱ ታላላቅ አዳራሾች በተመረቁ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1421፣ በመብረቅ ተቃጠሉ። ዛሬ የሚታየው ታላቁ አዳራሽ በመሠረቱ የ17ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ሥራ ነው።

የዘይት ቀለም በአንጻሩ ለቻይና እንግዳ ነበር። በ1715 ወደ ቻይና የገባው ኢጣሊያዊው ኢየሱሳዊ ካስቲልዮኔ በቤተ መንግሥቱ ሠዓሊነት አገልግሏል። ሙያው በትምህርት ቤት ሥር የሰደደው ግን በ20ኛው ምእተ ዓመት፣ እንደ ሹ ቤይሆንግ ያሉ በፓሪስ የተማሩ ሠዓልያን ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። ከ1955 እስከ 1957 ደግሞ ሶቪየታዊው ማክሲሞቭ በቤይጂንግ አስተምሯል።

እንግዲህ እኛ መሐንዲሶች እንዲህ ባለው ሥዕል ፊት ስንቆም ዓምድ መቁጠር ይቀናናል። በዚህ ረገድ የዶንግ ሺዌን ዕጣ ትምህርት ይሰጣል። ዶንግ በ1953 በፈጸመው ታዋቂ ሥዕሉ፣ ሕዝባዊት ሪፑብሊክ በቲያንአንመን በር ሰገነት ላይ ስትታወጅ አሳይቷል። አደባባዩ ተከፍቶ እንዲታይ ሲል ግን በሥዕሉ ቀኝ መታየት የነበረበትን አንድ ዓምድ ተወው። ዕውቁ የሥነ ሕንፃ ሊቅ ልያንግ ስቸንግ ይህ በሥነ ሕንፃ ረገድ ትልቅ ስሕተት፣ በሥዕል ረገድ ግን ትልቅ ስኬት ነው የሚል አስተያየት እንደ ሰጠ ይነገራል። ከዚያ ወዲያ ከሥዕሉ የጠፋው ዓምድ ብቻ አልነበረም። ከሥልጣን የወደቁት የጋኦ ጋንግና የሊዩ ሻኦቺ ምስሎች በትእዛዝ ተፋቁ፤ በ1972ም ሌሎች ሠዓልያን ሌላ ቅጂ እንዲሠሩ ታዘዙ። ዓምዱን ያስወገደው የሠዓሊው ፈቃድ ነው፤ ሰዎቹን ያስወገደው ግን የመንግሥት ትእዛዝ ነው። ሁለቱን ሳይለይ የሚፈርድ መርማሪ ሁለቱንም ይበድላል።

ከዚህ አንድ ደንብ እናገኛለን። ከተባለለት ዘመን በኋላ የመጣ ነገር በሥዕል ላይ መገኘቱ ያጋልጣል፤ የነበረ ነገር በሥዕል ላይ አለመታየቱ ግን ብቻውን አያስፈርድም። በ1930ዎቹ ተሣለ በተባለ ሸራ ላይ በቲያንአንመን በር የሕዝባዊት ሪፑብሊክ አርማ ተሰቅሎ ቢታይ፣ አርማው የተሰቀለው በ1950 ስለሆነ ነገሩ ያበቃል። በ1923 የተቃጠለውና በ2005 እንደገና ተሠርቶ ያለቀው የጂየንፉ ቤተ መንግሥት አትክልት ስፍራ በ1950 ተሣለ በተባለ ሥዕል ላይ ሙሉ ሆኖ ቢታይ፣ ሠዓሊው ከዓይኑ ሳይሆን ከሐሳቡ ሥሏል፤ አለዚያም ቀኑ ሐሰት ነው። ዓምዱ ቢጎድል ግን ሠዓሊው ዶንግን መስሎ ሊሆን ይችላልና መፍረድ አይገባም።

ዋጋስ ማስረጃ አይሆንምን? በ2010 የሹ ቤይሆንግ ሥራ ነው የተባለ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል በቤይጂንግ ሐራጅ 72.8 ሚሊዮን ዩዋን አወጣ። በማግሥቱ ዓመት የቤይጂንግ ማዕከላዊ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የቀድሞ ተማሪዎች የሆኑ አሥር ሰዎች፣ ሥዕሉ በ1983 በክፍላቸው ከተሠሩት የልምምድ ሥራዎች አንዱ መሆኑን በይፋ አስታወቁ። ሹ ቤይሆንግ የሞተው በ1953 ነው። የገዢው ገንዘብ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን የገንዘቡ ብዛት የሥዕሉን ማንነት አላረጋገጠም። የሐራጅ መዶሻ የሚመሰክረው በዚያች ሰዓት ሁለት ሰዎች እንደ ተፎካከሩ ብቻ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ስለ አንድ ጥንታዊ ሕንፃ ሥዕል በጽሑፍ አስተያየት እንዲሰጥ ቢጠየቅ፣ የለካውን፣ ያየውንና የገመተውን በሦስት ዓምድ ለይቶ ይጻፍ እላለሁ። ስለ ሕንፃው ይፈርም፤ ስለ ሠዓሊው እጅና ስለ ዋጋው ግን ለሚያውቁት ይተው። ፊርማችን ድልድይ የሚያሻግረው ከምናውቀው በላይ ስላልፈረምንበት ነው፤ በሸራም ፊት ይኸው ሥርዐት ሊለወጥ አይገባም።