የታደሰ ጅረት አደራ
(ለማኅበሩ አባሎች የቀረበ ንግግር)



ለብዙ ዘመን ተዳፍኖ የኖረ ጅረት ዳግመኛ በተከፈተበት ቀን ሪባን ይቆረጣል፤ ሹማምንት ንግግር ያደርጋሉ፤ ልጆች ከዳር ቆመው ጠጠር ይወረውራሉ። ሥራውን የነደፈው መሐንዲስ ስሙ ይነሣል፤ ተቋራጩም የመጨረሻ ክፍያውን ይቀበላል። በስድስተኛው ዓመት፣ ጎርፍ ዳርቻውን ሸርሽሮ፣ አረም ችግኙን ውጦ፣ የላስቲክ ጠርሙስ በአኻያው ሥር ሲከማች ግን ከእነዚያ ሰዎች አንዱም በቦታው አይገኝም። የዚህ ንግግር ጉዳይ ያ ስድስተኛው ዓመት፣ ከእርሱም በኋላ የሚከተለው ሃያኛውና ሃምሳኛው ዓመት ነው። ጅረትን ከቱቦ አውጥቶ ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ ዛሬ በቂ ዕውቀት ያለው ሙያ ሆኗል። የተመለሰውን ጅረት በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ለትውልድ ማቆየት ግን በየአገሩ ገና በመፈተን ላይ ያለ ነገር ነው።

ለዚህ ጉዳይ ከሚጠቀሱት ስፍራዎች መካከል እጅግ አስተማሪው በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ በጎልደን ጌት ድልድይ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው ፕሬሲድዮ ነው። (ስለ ውጭ አገር የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ስፍራው 600 ሄክታር ያህል ስፋት አለው። እስፓኞች በ1776 የጦር ሠፈር አድርገው ቈረቈሩት፤ ከእነርሱ ወደ ሜክሲኮ ተላለፈ፤ ከ1846 እስከ 1994 ድረስ ደግሞ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ይዞት ኖረ። በዚህ ስፍራ ውስጥ ቴነሲ ሆሎ የሚባል፣ ሦስት ገባሮች ያሉት፣ 110 ሄክታር ያህል መሬት የሚያጠጣ አነስተኛ ጅረት ይወርዳል። ስሙን ያገኘው በ1898 በእስፓኝና በአሜሪካ ጦርነት ጊዜ ከቴነሲ የመጡ ወዶ ዘማቾች በሸለቆው ስለ ሠፈሩበት ነው። ከራስጌው ያለው ኤል ፖሊን የተባለው ምንጭ የእስፓኝን ወታደሮች ያጠጣ ነበር።

ጦር ሠራዊቱ ይህን ጅረት አብዛኛውን በቱቦ ቀበረው። በላዩም ጥራጊና ፍርስራሽ ደፋበት፤ መንገድ ሠራበት። በኮረብታዎቹ ላይ ባሕር ዛፍ፣ ጥድና ዝግባ መሰል ዛፎች በብዛት አስተከለ፤ የባሕር ዛፍ ነገር በአጤ ምኒልክ ጊዜ ከተተከለው ደን ጋር አብራ ላደገችው ለአዲስ አበባ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ጅረቱ ከባሕር በሚገናኝበት በኩል የነበረው 50 ሄክታር ያህል ረግረግም በ1915 ለተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲባል ተደለደለ፤ ቈይቶም የአውሮፕላን ሜዳ ሆነ።

ጅረቱን የማደሱ ሥራ በአንድ ጊዜ አልተጀመረም፤ በአንድ ጊዜም አላለቀም። በ1999 ከታች፣ ክሪሲ ፊልድ በተባለው ዳርቻ፣ 7 ሄክታር ያህል ረግረግ ተቈፍሮ የባሕር ውሃ እንዲገባበት ተደረገ፤ ፓርኩም በ2001 ለሕዝብ ተከፈተ። በ2005 ቶምፕሰን ሪች በተባለው ክፍል የተደፋው ጥራጊ ተዝቆ ጅረቱ ፀሐይ አየ። በ2011 የኤል ፖሊን ምንጭ አካባቢ፣ በ2016 ማካርተር የተባለው መስክ፣ በ2020 መጨረሻ ደግሞ ጅረቱን ከባሕሩ ረግረግ ጋር የሚያገናኘው ኳርተርማስተር ሪች ተጠናቀቀ። ይህ የመጨረሻው ክፍል ሊከፈት የቻለው አሮጌው አውራ ጎዳና ፈርሶ፣ በ2015 በተከፈተው አዲስ ጎዳና ላይ ውሃው ከሥር የሚያልፍበት ከፍ ያለ ድልድይ በመሠራቱ ነው። እንግዲህ ከታችኛው ጫፍ እስከ መገናኛው ሃያ ዓመት አለፈ ማለት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራው ያልተቋረጠው ገንዘቡ ከምን እየመጣ ነው? ወደዚህ ጥያቄ ከመድረስ አስቀድሞ ግን ገንዘቡ ምን እንደሚሠራ መመልከት ይገባል።

የክሪሲ ፊልድ ረግረግ ከባሕር ጋር የሚገናኘው በጠባብ አፍ ነው። የባሕሩ ሙላት ሲገባና ጉድለቱ ሲወጣ ውሃው አፉን እየጠረገ ክፍት ያደርገዋል፤ ማዕበልም በበኩሉ አሸዋ እያመጣ ሊዘጋው ይታገላል። ትግሉን ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው በየሙላቱ የሚገባውና የሚወጣው የውሃ መጠን ነው። የጥንቱ ረግረግ ሰፊ ስለ ነበረ ብዙ ውሃ ያስገባና ያስወጣ ነበር። የታደሰው ግን ከጥንቱ አንድ ሰባተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ ጉልበቱ አይበቃም። በዚህም የተነሣ አፉ በየጊዜው በአሸዋ ይዘጋል፤ ሲዘጋም ውሃው ይቈማል፤ በሙላትና በጉድለት የሚኖሩት ፍጥረታት ይጐዳሉ። ያን ጊዜ መቈፈሪያ መኪና ሄዶ አፉን መክፈት አለበት። ይህ የነዳፊዎቹ ስሕተት አይደለም። ከተማ በበላው መሬት ላይ የተረፈችውን ቁራሽ የሚያድስ ሁሉ የሚገጥመው ግዴታ ነው። የተፈጥሮ ጉልበት የጐደለውን ያህል የሰው ጉልበት ይተካል፤ የሰው ጉልበት ደግሞ በየዓመቱ ደመወዝ ይጠይቃል። በሴኡል በ2005 የተከፈተው የቾንግዬቾን ጅረት የዚህ የመጨረሻ ደረጃ ነው፤ በየቀኑ የሚፈሰው ውሃ በአብዛኛው ከሃን ወንዝ በፓምፕ የሚሳብ ስለሆነ መብራት የጠፋበት ቀን ጅረቱም ይጐድላል።

ሌላው ምሳሌ በዚያው በፕሬሲድዮ የሚገኘው ማውንቴን ሌክ የተባለው አነስተኛ ሐይቅ ነው። በጎኑ ከሚያልፈው አውራ ጎዳና የወረደ እርሳስ በደለሉ ውስጥ ስለ ተገኘ በ2013 ደለሉ ተጠርጎ ወጣ። ሆኖም የከተማው ሰዎች በቤታቸው ያሳደጓቸውን ዓሦች እያመጡ ሲለቁበት ኖረዋል፤ በ1996 ከአዞ ወገን የሆነ እንስሳ ሳይቀር ተገኝቶበት ከተማው ሁሉ መነጋገሪያ አድርጎት ነበር። የተለቀቁት ዓሦች የአገሩን ፍጥረት ስለሚያጠፉ በ2014 በመድኃኒት ተወግደው፣ ከዚያ በኋላ የአገሩ ዓሣ፣ እንቁራሪትና ኤሊ ተመለሱበት። ከዚያ ወዲህ የሚፈለገው በዳር ቆሞ የሚያስተምርና የሚቈጣጠር ሰው ነው። ይህም በግንባታ ዋጋ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የማያገኝ ወጪ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ መመለስ ይቻላል። በ1972 የጎልደን ጌት ብሔራዊ መዝናኛ ስፍራ በሕግ ሲቋቋም፣ የሕጉ አራማጅ የነበሩት የኮንግረስ አባል ፊሊፕ በርተን ጦር ሠራዊቱ ፕሬሲድዮን በለቀቀ ጊዜ መሬቱ ለዚሁ ስፍራ እንዲተላለፍ የሚያዝ አንቀጽ አስገቡ። ጦሩ ሊለቅ ነው ብሎ ያሰበ በሌለበት ጊዜ የተጻፈ አንቀጽ ነው። ጦሩ በ1994 ሲለቅ መሬቱ ለነጋዴ ሳይሸጥ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ 800 ያህል ሕንፃ ያለበትን ሠፈር በመንግሥት በጀት ብቻ መጠበቅ ከባድ ሆነ። ስለዚህ በ1996 ኮንግረስ የፕሬሲድዮ ትረስት የተባለ የመንግሥት ድርጅት አቋቋመ። ትረስት ማለት አደራ ነው፤ ቃሉ በአማርኛም ከነክብደቱ ይገኛል።

የሕጉ ብልኀት በሁለት ነገሮች ላይ ቆሟል። አንደኛው፣ ድርጅቱ ሕንፃዎቹን አከራይቶ የሚያገኘው ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ሳይገባ እዚያው እንዲቀርና በየዓመቱ ፈቃድ ሳይጠየቅበት ለስፍራው እንዲውል መደረጉ ነው። ሌላው ብርቱ ማስፈራሪያ ነው፤ ድርጅቱ እስከ 2013 ድረስ ከመንግሥት ዓመታዊ ድጎማ ተላቅቆ ራሱን ካልቻለ መሬቱ እንደ ትርፍ ንብረት እንዲወገድ ሊተላለፍ ይችል ነበር። ድርጅቱ በተባለው ጊዜ ራሱን ቻለ። የድሮ መኖሪያዎች ለቤተሰብ ተከራዩ፤ የድሮው ሆስፒታል በነበረበት ቦታ በ2005 አንድ ታላቅ የፊልም ድርጅት ሠፈረ፤ ሆቴሎችም ተከፈቱ። አኻያው የሚታረመው፣ የችግኝ ጣቢያውም ከዚያው ከፕሬሲድዮ የተለቀመውን ዘር የሚያበቅለው በአብዛኛው በቤት ኪራይ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ታዲያ ይህ መንገድ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። በኪራይ የሚተዳደር አደራ የኪራይ ገበያን ይመስላል፤ በ2020 ወረርሽኝ ሆቴሎችና የስብሰባ አዳራሾች ሲዘጉ ገቢውም አብሮ ወረደ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሕንፃውን ለማደስ የሚያስፈልገው ገንዘብ ጅረቱን ከሚጠብቀው ገንዘብ ጋር መሻማቱ ነው። ጣራው ሲያፈስ ተከራይ ይጮኻል፤ እንቁራሪት ግን ለማንም አቤት አትልም። በ2022 ኮንግረስ ለመሠረተ ልማቱ 200 ሚሊዮን ዶላር መስጠቱ ራሱን ቻለ የተባለ ድርጅትም ለታላላቅ ወጪ ከውጭ እጅ እንደማይርቅ ያሳያል። በየካቲት 2025 ደግሞ ከፕሬዚዳንቱ የወጣ ትእዛዝ ድርጅቱን በስም ጠቅሶ፣ በሕግ ከተጣለበት ግዴታ ውጭ ያለውን ሥራ እንዲያስወግድ አዘዘ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ትእዛዙ የሕጉን ግዴታ ሊነካ አለመቻሉ ነው። በደንብ ወይም በመልካም ፈቃድ ብቻ የቆመ መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሌላ መልክ ሊያልቅ በቻለ ነበር።

ሌላም ችግር አለ። የሸለቆው ራስጌ በትረስቱ እጅ ሲሆን የባሕሩ ዳርቻና የክሪሲ ረግረግ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት እጅ ነው፤ በመካከላቸው ደግሞ አውራ ጎዳና ያልፋል። ውሃው ግን አንድ ነው። ከላይ የወረደ ደለል ከታች የሚያደርሰውን ጉዳት የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በስምምነት ካልተጻፈ፣ ሁለት ጌታ ያለው ጅረት ጌታ የሌለው ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ረግረግ አጥፍቶ በምትኩ ሌላ የሚያድስ ሁሉ በ2008 በወጣው ደንብ መሠረት ቢያንስ አምስት ዓመት እንዲከታተለው ይገደዳል፤ ከዚያም በኋላ ለሚኖረው ጥበቃ ኃላፊውንና የገንዘቡን ምንጭ አስቀድሞ ማመልከት አለበት። ከንድፉ ጋር የጠባቂው ስም አብሮ ይቀርባል ማለት ነው።

ለጥበቃ ከሚታሰቡት መንገዶች አንዱ የማይነካ ዋና ገንዘብ አስቀምጦ በትርፉ መተዳደር ነው። ሒሳቡ ቀላል ይመስላል። በዓመት 1 ሚሊዮን ብር ለሚጠይቅ ጥበቃ፣ ከዋጋ ንረት በላይ ከመቶ 4 የተጣራ ትርፍ የሚገኝ ቢሆን፣ 25 ሚሊዮን ብር ይበቃል። በኢትዮጵያ ግን በ2022 የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 በላይ ሲሆን የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ 7 ነበር። በዚያ ዓመት በባንክ የተቀመጠ 1 ሚሊዮን ብር ከነወለዱ በዓመቱ መጨረሻ የሚገዛው በዓመቱ መጀመሪያ 820 ሺህ ብር ይገዛ የነበረውን እንኳ አያህልም። ዋናው ገንዘብ ራሱን ይበላል። ስለዚህ የዋጋ ንረት ባየለበት አገር አደራ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ከዋጋ ጋር አብሮ በሚያድግ ነገር ላይ፣ ማለትም በኪራይ፣ በመግቢያ ዋጋና በመሬት ላይ ቢመሠረት ይሻላል። ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ አሳብ አይደለም። የጥንት ነገሥታት ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ለሠራተኛው ብቻ ከፍለው አይለያዩም ነበር፤ ካህናቱ የሚኖሩበት፣ ጣራውም የሚከደንበት ጉልት ይሰጡ ነበር። የጉልት ሥርዓት በገባሩ ላይ ያደረሰው በደል ሌላ ነገር ሆኖ፣ ሕንፃ ያለ ዘላቂ ገቢ እንደማይቆም ግን አስቀድሞ ታውቆ ነበር።

በአዲስ አበባ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ሥራ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ በወንዞች ዳር 56 ኪሎ ሜትር ለማልማት፣ በ29 ቢሊዮን ብር ግምት የታቀደ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በተደረገው ገበታ ለሸገር አንድ ሰው ለአንድ እራት 5 ሚሊዮን ብር ከፍሏል። ገበታ ፓርክ ይሠራል፤ አረም ለማረም ግን በየክረምቱ ገበታ ሊዘረጋ አይችልም። ከራስጌ የሚለቀቀው የመጸዳጃና የፋብሪካ ፍሳሽ ካልቆመ ደግሞ በዳር የተተከለው ሁሉ ጌጥ እንጂ ለዓሣና ለወፍ ማደሪያ አይሆንም። ስለዚህ በወንዝ ዳር ፓርክ ውስጥ ከሚገኝ ቡና ቤት፣ ሱቅና መኪና ማቆሚያ የሚሰበሰበው ኪራይ የተወሰነ እጁ ለዚያው ወንዝ እንዲቀር በሕግ ቢደነገግ፣ የሚነካበትም መንገድ እንዲጠብ ቢደረግ፣ የፕሬሲድዮ ሃያ ዓመት ያስገኘው ልምድ ከዚህ ጋር ሊነጻጸር ይችላል።

የሙያው ሰው ድርሻም ከንድፉ ላይ ይጀምራል። ሥራው ሲረከብ ከሥዕሉና ከዋጋ ዝርዝሩ ጋር አንድ ሌላ ሰነድ ሊኖር ይገባል፤ ይኸውም ከክረምት በፊት ስንት ቀን አረም እንደሚታረም፣ ከትልቅ ጎርፍ በኋላ የትኛው ዳርቻ እንደሚመረመር፣ በደለል የሚዘጋው ቦታ በስንት ዓመት እንደሚጠረግ፣ ስንት ሰው ከምን መሣሪያ ጋር እንደሚያስፈልግ፣ ሒሳቡም ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚወጣ የሚዘረዝር ነው። ሹሙ ሰነዱን አይቶ ወጪው በዛ ቢል፣ የሚሻለው ከግንባታው አንድ ኪሎ ሜትር ቀንሶ የቀረውን መጠበቅ ነው።