ቤት ስንገዛና ስንሸጥ ለሙያተኛ ስለ ማሳየት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ እንደምታውቁኝ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የጨረስሁ፣ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍሁ ሰው ነኝ። ስለ ቤት ልናገር የተነሣሁት መሐንዲስ ሆኜ ሳይሆን ያየሁትንና ያጠፋሁትን ለመናገር ነው።

ጥፋቴን ላስቀድም። በ1991 ዓ.ም. እዚሁ ጉለሌ ከወላጆቼ የወረስሁትን የጭቃ ቤት ሸጥሁ። የጓሮው ግድግዳ እንጨት ከሥሩ በምስጥ መበላቱን አውቅ ነበር። ደላላው «አስመርገህ ኖራ አስቀባው፤ ማን ያየዋል?» አለኝ፤ እኔም እንዳለኝ አደረግሁ። ገዢው በሽመና የሚተዳደር የልጆች አባት ነው። በበጋ መጥቶ፣ ግድግዳው ነጭ ሆኖ ስላገኘው ደስ ብሎት ገዛ። ነሐሴ ላይ ሌሊት የጓሮው ግድግዳ ተናደ። ልጆቹ በወዲያኛው ክፍል ተኝተው ስለ ነበር እግዚአብሔር አተረፋቸው።

ሰውየው አልከሰሰኝም። በሚቀጥለው ዓመት እናቱ ሲያርፉ ጡሩንባ ተነፋና እንደ ማንኛችሁም ሄድሁ። የተቀመጥሁት በላስቲክ በተጋረደው ግድግዳ ፊት ለፊት ነበር። ልጁ ንፍሮ አቀረበችልኝ፤ ንፍሮው አልዋጥ አለኝ። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ሄጄ የእንጨቱንና የሠራተኛውን ዋጋ ከፈልሁ። እሱም ገንዘቡን ተቀብሎ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ እኔም እኮ የሚያይልኝ ሰው ይዤ አልመጣሁም» አለኝ። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የከተማ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆኗል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ነው ይላል። በሕግ በኩል ካየነው ታዲያ በውሉ ላይ የምንገዛው ቤቱን ነው። ሰፈሩንና ካርታውን ብቻ አይተን፣ ቤቱን ሳናይ ስንገዛ የገዛነውን ሳናይ ከፈልን ማለት ነው።

ካርታ አይታይ ማለቴ አይደለም። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ፊት መደረግ እንዳለበት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 ደንግጓል። እዳና እግድ መኖሩም ይጣራ። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ ደግሞ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ነገር ግን ሰነድ የሚያረጋግጠው ክፍል ወረቀቱን ነው የሚያየው፤ ምሰሶውን አያንኳኳም። በባንክ ብድር ለሚገዛም ባንኩ የሚልከው መሐንዲስ ቤቱን የሚገምተው ባንኩ የሚያበድረው ገንዘብ እንዳይጠፋ ነው። ለገዢው ብሎ የሚያይለት ሰው ግን የለም።

በአሜሪካን አገርና በሌላም ቦታ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ገዢው ውሉን ከመጨረሱ በፊት በራሱ ገንዘብ ቤት መርማሪ ይቀጥራል። መርማሪው ጣራውን፣ መሠረቱን፣ የመብራቱንና የውኃውን መስመር አይቶ ያገኘውን በጽሑፍ ይሰጣል። ደግ ልማዳቸው ደግሞ፣ የመረመረው ሰው ያንኑ ቤት ራሱ አይጠግንም፤ ጠጋኙ እሱ ከሆነ ሥራ ለማግኘት ሲል ያልተበላሸውንም ተበላሽቷል ሊል ይችላልና። እኛ ይህን ስም የያዘ ሰው በየሰፈሩ ባናገኝም፣ ግንበኛና አናጢ፣ የመብራትና የቧንቧ ሠራተኛ አናጣም። የአንድ ቀን ዋጋ ከፍለን ማሳየት እንችላለን። የደላላው ወይም የሻጩ ወዳጅ ግን መሆን የለበትም።

ምን ይታያል ለሚል፣ ከሙያተኞች የተማርሁትን ልናገር። የጭቃ ቤት ሕመሙ የሚጀምረው እንጨቱ መሬት ከሚነካበት ነው። ምርጊቱ ሥር ካቻቢቴ ወይም ሚስማር ሲወጋ እንደ ቂጣ የሚገባ ከሆነ እንጨቱ አልቋል። በግድግዳው ላይ እንደ ክር የወጣ የአፈር መስመር ካለ ምስጥ ነው። አዲስ ቀለም በአንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ካያችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህን የምላችሁ ራሱ የቀባው ሰው ነኝ። በርና መስኮት አልዘጋ ካለ፣ ከመስኮቱ ጥግ በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ ካለ፣ ቤቱ ከቦታው ተንቀሳቅሷል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እድፍ ካለ ቆርቆሮው ያፈሳል።

እኛ ደግሞ ከእንጦጦ ሥር ተዳፋት ላይ ነን። ክረምት ሲገባ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚያልፍ እወቁ። ድጋፍ ግንቡ ሆዱ ከተነፋና የውኃ መውጫ ቀዳዳ ከሌለው አደጋ አለው። ልጆቹ ወደ ቦሌና ወደ አቃቂ በኩል የሚገዙለት ካለ ደግሞ የመረሬን አፈር ነገር ያስብ፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረትም ያናጋል። ኮንዶሚኒየም ለሚገዛ፣ የላይኛው ቤት መታጠቢያ ወደ ታች ያፈስ እንደሆነ ጣራውን ይመልከት።

የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት እንዳለና መምጠጫ መኪና ይደርስ እንደሆነ ይጠየቅ። የመብራትና የውኃ ቆጣሪው የራስ ነው ወይስ ከጎረቤት የተቀጠለ? ይህንንም ጠይቁ። ከተቻለ ቤቱን ከዝናብ በኋላ አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩት። ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፤ ቀብዱን ቶሎ» ቢላችሁ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን አስታውሱ።

ለሻጮችም አንድ ቃል አለኝ። ጉድለቱን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በውሉም ላይ ይጻፍ። ዋጋው ትንሽ ይቀንስ ይሆናል። ነገር ግን የሸጣችሁለት ሰው ነገ ድንኳን ተካይ ጎረቤታችሁ ነው።

በመጨረሻም ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ አለ። ከመካከላችን ግንበኞችና አናጢዎች፣ የመብራትና የቧንቧ ሠራተኞች አሉ። ስማቸው በአንድ መዝገብ ይያዝ፤ መዝገቡን እኔ ያለ ክፍያ እጽፋለሁ፣ ሥራዬ ነበርና። ቤት የሚገዛ አባል ሁለት ሰው መርጦ፣ የቀን ዋጋቸውን ከፍሎ፣ ያዩትን በወረቀት ይቀበል።

ቤት ስንገዛ ብቻችንን ከደላላ ጋር እየሄድን፣ ያው ቤት ለቅሶ ሲገባበት ግን ሁላችንም እንሞላዋለን። ከዚያ በፊት ሁለታችንም እንኳ ብንሆን ገብተን ብናየው ይሻላል እላለሁ።